ለጓደኛ የተሰጠ ዘፈን

ነገሩ የሚጀምረው ከቴኒስ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 1973 ቢሊ ጂን ኪንግ በሂውስተን አስትሮዶም ከ30 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ቦቢ ሪግስን ገጠመች። ሪግስ የ55 ዓመት ሰው ነው፤ ሴት ቴኒስ ተጫዋች የወንድ እኩያ አትሆንም እያለ ሲፎክር ከርሟል። 6ለ4፣ 6ለ3፣ 6ለ3 ረታችው።

በዓመቱ ፊላደልፊያ ፍሪደምስ የተባለው ቡድን ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነች። ሴትና ወንድ አብረው የሚሰለፉበት ቡድን ነበር። ወንዶችን የምታሰለጥን ሴት ደግሞ በዚያ ዘመን ብርቅ ናት። ከቡድኑ ቀንደኛ ደጋፊዎች አንዱ እንግሊዛዊው ፒያኖ ተጫዋች ኤልተን ጆን ነበር። የቡድኑን ቱታ ለብሶ ከተጫዋቾቹ ጋር ወንበር ላይ ይቀመጣል። ለጓደኛው ዘፈን እንደሚሠራላት ቃል ገባ፤ የዘፈኑንም ስም ከቡድኗ ስም ወሰደ፦ «ፊላደልፊያ ፍሪደም»።

ችግሩ ግጥሙ ላይ ነበር። ግጥም የሚጽፍለት በርኒ ቶፒን ስለ ቴኒስ መጻፍ አልሆንልህ አለው። ስለዚህ ዘፈኑ ውስጥ ኳስም ራኬትም የለም። ዜማው ግን ሌላ ውለታ ተሸክሟል። ያ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ምት፣ ያ የቫዮሊኖች ጎርፍ፣ ጥቁሮቹ የፊላደልፊያ ሙዚቀኞች እነ ኬኒ ጋምብልና ሊየን ሃፍ ያሳደጉት ድምፅ ነው። ኤልተን ይህን አልደበቀም። ሸክላው ላይ መታሰቢያነቱን ለሁለት ሰጠ፦ ለቢሊ ጂን ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ለፊላደልፊያ ድምፅ።

ዘፈኑ በ1975 መጀመሪያ ወጣ፤ በኤፕሪል የአሜሪካን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መራ። በዚያው ዓመት ኤልተን የጥቁሮች ሙዚቃ መድረክ በሆነው «ሶል ትሬን» የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ተጫወተው። ድምፁን ወደ ባለቤቶቹ ደጅ ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ከዚያ 1976 መጣ፤ አሜሪካ የነጻነቷን 200ኛ ዓመት አከበረች። «ነጻነት» የሚል ስም የያዘውን ዘፈን ብዙ ሰው የበዓሉ መዝሙር አደረገው። አያስወቅስም፤ ዘፈን ከወጣ በኋላ የሰሚው ነው። ግን አገር ሲጨፍርበት አንዲት ሴትና የአንድ ከተማ ሙዚቀኞች ከታሪኩ ጠርዝ ላይ ቀሩ። ነጻነት ሲባል ባንዲራው ቶሎ ይታየናል፤ የታገለው ሰው ስም ግን ሸክላው ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይቀራል።

ዘፈኑን ስትሰሙ ጨፍሩ። ሲያበቃ ግን እነዚያን ፊደላት አስታውሱ።