አሥራ ሁለቱ ወጥ ሠሪዎች

በቶኪዮ ከተማ አሳኩሳ የሚባል የቆየ ሰፈር አለ። ለጉብኝት የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚቆመው ግዙፍ ቀይ ፋኖስ በተንጠለጠለበት የካሚናሪሞን በር ሥር ነው። ከበሩ ባሻገር የሰንሶጂ ቤተ መቅደስ ይታያል። በአሁኑ ጊዜ ግን አስጎብኚዎች እንግዶቻቸውን የሚወስዱት ወደ ቤተ መቅደሱ ብቻ አይደለም። በጠባቦቹ መንገዶች እየመሩ ከአንዱ የራመን ቤት ወደ ሌላው ያዞሯቸዋል። እኛም እስቲ ለጥቂት ደቂቃ አብረናቸው እንዙር። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የራመን ቤት አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው። በብዙዎቹ በር ላይ ማሽን ቆሟል፤ ደንበኛው የሚበላውን መርጦ ገንዘብ ይከታል፣ ቲኬት ይቀበላል፣ ከወጥ ሠሪው ፊት ለፊት በረጅሙ ባንኮኒ ይቀመጣል። ከዚያ በጎድጓዳ ሳህን ትኩስ መረቅ ይመጣለታል። በመረቁ ውስጥ ከስንዴ ዱቄት የተሠራ፣ ከፓስታ ጋር የሚመሳሰል ምግብ አለ። ቢጫነቱንና ሲያኝኩት ጠንከር ማለቱን ያገኘው ሊጡ ሲቦካ ከሚገባበት ካንሱይ ከሚባል የማዕድን ውኃ ነው። ከላዩ የአሳማ ሥጋ፣ የቀርከሃ ቡቃያና ሽንኩርት ጣል ይደረግበታል። የቶኪዮው ዓይነት መረቅ በሶይ ሶስ የጠቆረ ነው። በእኛ ቤት «ኧረ ቀስ በል!» የሚያስብለው ድምፅ እያሰሙ መማግ እዚያ ነውር አይደለም።

እንግዳው ከበላ በኋላ «የጃፓንን ምግብ ቀመስኩ» ብሎ ይወጣል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ይህ ምግብ ጃፓናዊ የሆነው እንዴት ነው?

ጃፓን ለረጅም ዘመን በሯን ዘግታ ከኖረች በኋላ በ1859 የዮኮሃማን ወደብ ለውጭ ንግድ ከፈተች። ከምዕራባውያኑ ነጋዴዎች ጋር ቻይናውያንም መጡ፤ በወደቡም ላይ የራሳቸውን ሰፈር መሠረቱ። ከእነርሱ ጋር የሊጡና የመረቁ ሙያ መጣ። የጃፓን ሕዝብ በበኩሉ በቡድሃ እምነት ተጽዕኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ከከብት ሥጋ የራቀ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሜይጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ የተነገረው በ1872 ነው። በእንዲህ ያለ አገር የአሳማ አጥንት መረቅ የባዕድ ነገር መሆኑ አያስገርምም።

በ1910 ኦዛኪ ካንኢቺ የተባለ የቀድሞ የዮኮሃማ ጉምሩክ ሠራተኛ በአሳኩሳ ራይራይከን የተባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። ብዙዎች የመጀመሪያው የራመን ቤት ይሉታል። ቦታው በደንብ የተመረጠ ነበር። በ1903 የጃፓን የመጀመሪያው ቋሚ ሲኒማ ቤት የተከፈተው በአሳኩሳ ነው፤ በ1890 የተሠራው ባለ 12 ፎቅ ግንብም የቆመው እዚያው ነበር። ፊልም አይቶ የወጣው ሠራተኛና ተማሪ በርካሽ የሚያጠግብ ትኩስ ነገር ይፈልጋል። ኦዛኪ ከዮኮሃማ የቻይናውያን ሰፈር 12 ወጥ ሠሪዎችን አምጥቶ ይህንኑ አቀረበለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ታሪኩ ሲነገር ባለቤቱ በስሙ ይጠራል፤ ወጥ ሠሪዎቹ ግን በቁጥር ብቻ ይጠቀሳሉ። አሥራ ሁለት! ምግቡም ያን ጊዜ ራመን አይባልም ነበር፤ «ሺና ሶባ» ነበር የሚሉት፣ የቻይና ሶባ ማለት ነው። ጃፓን በ1894 እና በ1895 ቻይናን በጦርነት ካሸነፈች ወዲህ «ሺና» የሚለው ቃል የንቀት ቃና እያደረበት ሄዶ ነበር። የአሳኩሳ ሕዝብ የሰዎቹን ምግብ ወደደ፤ ሰዎቹን ግን መውደዱ አጠራጣሪ ነበር።

ይህም በመስከረም 1 ቀን 1923 ታየ። ከቀትር ጥቂት ቀደም ብሎ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮንና ዮኮሃማን መታ። የአሳኩሳ ግንብ ወገቡ ተቆረጠ፣ የቻይናውያኑ ሰፈር ፈረሰ፣ ከአደጋውና ከእሳቱ የተነሳ ከ100,000 በላይ ሰው አለቀ። ወዲያው «ኮሪያውያን የጉድጓድ ውኃ መረዙ» የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ሐሰት ነበር። ሆኖም ዱላና ሰይፍ የያዙ የሰፈር ሰዎች፣ ፖሊሶችና ወታደሮች በሺህ የሚቆጠሩ ኮሪያውያንን ገደሉ። ብዙ መቶ ቻይናውያንም አብረው ተገደሉ። ከጥቂት ቀናት በፊት የቻይና ሶባ ሲማግ በነበረ ከተማ ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

ሁለተኛው መቅሠፍት በመጋቢት 1945 መጣ። በአንድ ሌሊት የአሜሪካ አውሮፕላኖች አሳኩሳንና አካባቢውን አቃጠሉ፤ ወደ 100,000 ሰው ሞተ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሩዝ የለም፤ ከኮሪያና ከታይዋን ይመጣ የነበረውም ቀረ። የመጣው የአሜሪካ ስንዴ ነበር። የመንገድ ላይ ምግብ ሽያጭ ቢከለከልም ዱቄቱ በጥቁር ገበያ እየወጣ በእጅ ጋሪ ላይ ይሸጥ ጀመር። ሩዝ ለምዶ የኖረ ሕዝብ ስንዴውን በረኃብ ጊዜ የተቀበለው በዚሁ ሳህን ነው። በ1946 የጃፓን መንግሥት «ሺና» የሚለው ቃል እንዲቀር መመሪያ ሰጠ፤ ምግቡም «ቹካ ሶባ» ተባለ።

«ራመን» የሚለውን ስም በየቤቱ ያስገባው ደግሞ አንዶ ሞሞፉኩ ነው። እርሱም ታይዋን ውስጥ የተወለደው ራይራይከን በተከፈተበት በ1910 ነበር። በ1958 በዘይት ተጠብሶ የደረቀና በሙቅ ውኃ የሚላላ ራመን ለገበያ አቀረበ። በእኛ ሱቆች የምናየው ኢንዶሚ የዚያ ፈጠራ የልጅ ልጅ ነው። ራይራይከን ግን በ1976 ተዘጋ፤ በ2020 በዮኮሃማ የራመን ሙዚየም ውስጥ ዳግም ተከፈተ። በአሳኩሳ ዛሬ የአሳማ ሥጋ ለማይበሉ እንግዶች ሐላል ራመን የሚያቀርቡ ቤቶች ሳይቀሩ አሉ። መጤው ምግብ በተራው መጤ ያስተናግዳል።

ጉብኝታችንን ከማብቃታችን በፊት ከአሳኩሳ ወጣ እንበል። የሱሚዳን ወንዝ፣ ቀጥሎም የአራካዋን ወንዝ ስንሻገር ካቱሺካ ወረዳ እንደርሳለን። በ1923 በዚህ መንገድ ላይ በነበረው በአሮጌው የዮትሱጊ ድልድይ አጠገብ ኮሪያውያን ተገድለዋል። ዛሬ በጃፓን ከሚኖሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚኖሩት በዚሁ በካቱሺካ ነው፤ እንጀራም እዚያ ይበላል። ምናልባት አንድ ቀን አስጎብኚ እንግዶቹን ይዞ ወደዚያም ይዘልቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ያመጡትንም ሰዎች በስማቸው ቢጠራ መልካም ነው። የአሥራ ሁለቱ ወጥ ሠሪዎች ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፦ የሰውን ምግብ መውደድ ቀላል ነው፤ ሰውየውን ከነምግቡ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው።