በላይ የሚል ስም በቢቸና

በጎጃም፣ በቢቸና ምድር የአርበኛው የበላይ ዘለቀ ነገር ሲነሳ ከውጊያው እኩል ስሙ ይነሳል። በጣሊያን ዘመን ለአርበኞቹ ማዕረግ ሲያድል፣ ለራሱስ ምን እንደሚመርጥ ቢጠየቅ፣ እናቱ «በላይ» ብላ ስም አውጥታለታለችና ሌላ እንደማያሻው መለሰ ይባላል። ቃሉ በአፍ ሲወርድ የተወለወለ ሊሆን ይችላል። ማዕረግ ማደሉ ግን እውነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ተሰደው ሿሚ በጠፋበት አገር፣ ሹመት ሰጪውን ከሁሉ በላይ የሚያደርገው ከቤት የወጣ ስም ነበር። ያንን ስም ያወጡት እናቱ ወይዘሮ ጣይቱ አስኔ ናቸው። አያቱ ላቀው፣ አባቱ ዘለቀ፣ ወንድሙ እጅጉ ይባላሉ። ቤቱ ለልጆቹ ምን ይመኝ እንደነበር ከስሞቹ ይነበባል።

ሁሉም ስም ግን ምኞት አይደለም። ሐዘን ያየ ቤት ልጁን ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ይለዋል። የናይጄሪያ ዮሩባዎችም አያት ከሞተ በኋላ የተወለደውን ወንድ ባባቱንዴ፣ «አባት ተመለሰ» ይሉታል፤ ልጅ እየሞተበት የተቸገረ ቤት ደግሞ ኮኩሞ፣ «ከእንግዲህ አይሞትም» ብሎ ይሰይማል። ልዩነቱ የሚያስገርም ነው። ለዮሩባው ያው የሄደው ነው ተመልሶ የመጣው፤ የጎጃሜው ቤት ግን የሄደውን ሄደ ብሎ ተቀብሎ፣ ፈጣሪ በሰጠው ምትክ ይጽናናል።

ሞጣ ላይ ሌላው የስም ዓይነት ይገጥመናል። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ስማቸው ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ካህኑ ከሚሰጠው ወገን ነው፤ በጸሎትና በፍትሐት የሚጠራውም እሱ ነው። እናታቸው በዓለም ስማቸው ምንትዋብ፣ በክርስትና ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዘውድ ብርሃን ሞገሳ ይባሉ ነበር። የድሮ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ይህን ካላወቀ አንዷን ሴት ሦስት አድርጎ ይቆጥራል። የክርስትና ስም ብቻ የተጻፈለት ሰውማ፣ ሲወለድ ቤተሰቡ የተሰማው ደስታ ይሁን ሐዘን ከመዝገቡ አይገኝም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ወደ በላይ እንመለስና፣ ከነጻነት በኋላ መንግሥት እሱን ደጃዝማች ብሎ ቢቸናን አስገዛው። ብዙም ሳይቆይ ተጣሉ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ይባላል።