የፍተሻ ሽታ

ቅቤ ተራ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ገዢዋ ሚዛን ከማስያዟ በፊት በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ አይቷል። ቅቤው ምን እንደተቀላቀለበት አፍንጫዋ አይነግራትም። «ቆይ፣ ይሄ ነገር…» የሚያሰኝ ጥርጣሬ ብቻ ነው የሚሰጣት፤ ቀሪውን ጠይቃና መርምራ ትደርስበታለች። ሶፍትዌር ሠሪዎችም ስለ ኮድ በዚሁ ቋንቋ ሲነጋገሩ ሃያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል።

«የኮድ ሽታ» የሚለውን አነጋገር ያመጣው አሜሪካዊው ኬንት ቤክ ነው። በሰፊው የታወቀው ግን ማርቲን ፋውለር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሪፋክተሪንግ» በተባለው መጽሐፍ ነው። ፋውለር እንደሚያወጋው፣ ቤክ ያን ሰሞን አራስ ሴት ልጅ ነበረችው፤ ሐሳቡ ከእሷ ሽታ ሳይመጣ አልቀረም። ሁለት ዓመት ቆይቶ አሪ ቫን ዱርሰን፣ ሌዮን ሞነንና ሁለት ባልደረቦቻቸው በኔዘርላንድስ ሆነው ሌላ ጥያቄ አነሱ፦ ኮዱን የሚፈትሸው ኮድስ? እሱስ አይሸትም? አሥራ አንድ ሽታዎችንና ስድስት መጠገኛ መንገዶችን ዘረዘሩ። «ቴስት ስሜል» የሚባለው ቃል ከዚያ ወዲህ የሙያው መደበኛ ቃል ሆነ።

በአማርኛ «የፍተሻ ሽታ» እንበለው እላለሁ። «ፈተና» ስንል ተማሪና የ12ኛ ክፍል ውጤት ይመጣብናል፤ «ሙከራ» ደግሞ ገና ያልተሳካ ነገር ይመስላል። ፍተሻ ግን በየሕንፃው በር ላይ የምናውቀው ነው፤ ትናንት የገባውም ዛሬ እንደገና ይፈተሻል። አውቶማቲክ ቴስትም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኮዱ በተነካ ቁጥር «የዚህ ሠራተኛ ደመወዝ ስንት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ከሚጠበቀው ጋር ከገጠመ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ ያበራል። ለሁለተኛው ቃል «ጠረን» የሚሉ አሉ። ጠረን ግን የሰውና የእንስሳ ነው፤ ናፍቆትም አለበት። «ክርፋት» እና «ግማት» ደግሞ ፍርድ ናቸው። «ሽታ» የሚሻለው ግሱ ስላለን ነው። «ነገሩ ሸተተኝ» ያለ ሰው ማስረጃ ባይኖረውም መጠርጠሩን ነግሮናል፤ ቤክ የፈለገውም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የደመወዝ ሥርዓት በምንሠራበት ቤት በኢትዮጵያ ቀን ላይ ቀናት የሚደምር ኮድ ነበረን። ፍተሻው እንዲህ ይላል፦ የዛሬን ቀን ውሰድ፣ 30 ደምር፣ የሚቀጥለው ወር ያው ቀን መሆን አለበት። የጻፈው ሰው አልተሳሳተም ለማለት ይቻላል፤ አሥራ ሁለቱም ወሮቻችን 30፣ 30 ቀን ናቸውና ለወራት አረንጓዴ በራ። ነሐሴ 6 ቀን 2014 ቀይ ሆነ። ማንም ኮድ አልነካም። አንድ ጎበዝ ወጣት ፍተሻውን አምኖ ትክክለኛውን ኮድ «ማስተካከል» ጀመረ፤ ደግነቱ ሳይጨርስ እንቁጣጣሽ ደረሰና መብራቱ በራሱ አረንጓዴ ሆነ። «ዳነ» ተባለና ተረሳ። በ2015 ደግሞ ነሐሴ 7 ላይ አገረሸበት። ያ የአንድ ቀን ልዩነት ግራ ያጋባን ጉድ ነበር፣ ዘመነ ሉቃስ መሆኑንና ጳጉሜን ስድስት ቀን እንዳላት እስክናስታውስ ድረስ።

ኮዱ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው ፍተሻው ነው። ለወራት ያልሸተተን አረንጓዴ ስለሚበራ ነው። ሰው የሚያሸተው ቀይ ሲያይ ነው።

ይህን ሽታ ከአሥራ አንዱ መካከል በእንግሊዝኛ «ሚስትሪ ጌስት» ከሚሉት እመድበዋለሁ፤ እኔ «ድብቅ እንግዳ» ብዬዋለሁ። ፍተሻው ገጹ ላይ በማይታይ ነገር ላይ ይደገፋል፤ ያ ነገር የሆነ ፋይል ወይም የመረጃ ቋት፣ እንደኛ ደግሞ የኮምፒውተሩ ሰዓት ሊሆን ይችላል። «አሰርሽን ሩሌት» የሚሉትን «የማረጋገጫ ቶምቦላ» ብንለው ያምራል። በአንድ ፍተሻ ውስጥ አሥር ማረጋገጫዎች ያለ ማብራሪያ ተደርድረው አንዱ ሲወድቅ የትኛው እንደሆነ ዕጣ ማውጣት ነው። ከሁሉ የምወደው ግን «ሴንሲቲቭ ኢኳሊቲ» ነው፤ ለሱ ከ«ሆደ ባሻ ንጽጽር» የተሻለ ስም አይገኝለትም። ውጤቱን ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ፊደል በፊደል ስለሚያነጻጽር፣ «ዓ.ም.» የነበረው «ዓ.ም» ሲሆን ያኮርፋል። ዐ እና አ፣ ሐ እና ሀ በሚቀያየሩበት ጽሕፈታችን ይህ ሆደ ባሻ ስንት ከሰዓት እንዳባከነብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሽታውን በመሣሪያ ማነፍነፍ ይቻላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው «ቲኤስ ዲቴክት» በጃቫ የተጻፉ ፍተሻዎችን አንብቦ 19 ዓይነት ሽታ ይለያል። ማብራሪያ የሌላቸውን ማረጋገጫዎች፣ በፍተሻ ውስጥ የተሸጎጠ «ከሆነ» እና «ካልሆነ»ን፣ ኮዱ እስኪጨርስ ይሁን ብሎ ሁለት ሰከንድ የሚያንቀላፋን መስመር ያወጣል። መሣሪያው የሚያውቀው ቅርጽን ነው። ሊጥ መኮምጠጡ ለእንጀራ ደግ፣ ለቂጣ ክፉ መሆኑን አይለይም። ማረጋገጫ የበዛበት ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ለዚህ ሰው ያስፈልጋል።

ሽታው ችላ ሲባል የሚከተለው «ወላዋይ ፍተሻ» ነው፦ ኮዱ ሳይነካ አንዴ የሚያልፍ፣ አንዴ የሚወድቅ። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ ከፍተሻዎቹ 16 በመቶ ያህሉ መጠነኛም ቢሆን ይህ ጠባይ ነበረባቸው፤ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ከተደረጉት ለውጦች 84 በመቶ በሚያህሉት ውስጥ ወላዋይ ፍተሻ ነበረ። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው «እንደገና አስኪደው» ማለት ይለምዳል፤ እውነተኛው ጥፋት ሲመጣም ያንኑ ይላል።

ጥገናው በብዛት አስቸጋሪ አይደለም። ማረጋገጫው ለምን እንደቆመ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍለት፤ እንግዳው ከተደበቀበት ቦታ ወጥቶ ፍተሻው ውስጥ ይታይ፤ የፍተሻዎቹ ቅደም ተከተል እየተቀያየረ ይሂድ፣ አንዱ ፍተሻ በሌላው ላይ ተደግፎ ከሆነ ይጋለጣል። አስቸጋሪው ሌላ ነው፦ ኮድ ስንጠግን ፍተሻ ይጠብቀናል፤ ፍተሻውን ስንጠግንስ ማን ይጠብቀናል? እኔ የማውቀው መንገድ ኮዱን ሆን ብሎ ማበላሸትና ፍተሻው ቀይ ማብራቱን ማየት ነው። ያኔም አረንጓዴ ከሆነ በሩ ላይ የቆመው ፈታሽ ተኝቷል።

የኛን ፍተሻ «ዛሬ»ን አውጥተን በተጻፉ ቀኖች ተካነው። ነሐሴ 6 ቀን 2014 ላይ 30 ሲደመር መስከረም 1 ቀን 2015 ይሆናል፤ ነሐሴ 6 ቀን 2015 ላይ ሲደመር ግን ጳጉሜን 6። ከዚያ ኮዱን ጳጉሜን እንዲረሳ አድርገን አስኬድነው። ሁለቱም ቀይ አበሩ።