የጉድጓዱ ገንዘብ በማን እጅ ነበር?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገጠሮች ውሃ መቅዳት ለዘመናት የሴቶችና የልጃገረዶች ሸክም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1994 በፊንላንድ ድጋፍ የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ በአማራ ክልል ተጀመረ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ፣ በኩል መንደሩ ራሱ ለመረጠው የውሃ ኮሚቴ በቀጥታ ይሰጥ ጀመር።

ኮሚቴው ሲሚንቶ ገዛ፣ ግንበኛ ቀጠረ። ነዋሪው ድንጋይና አሸዋ አቀረበ፣ በጉልበቱ ሠራ፣ ለጥገናም ገንዘብ አስቀመጠ። አሠራሩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተሻገረ።

የእጅ ፓምፕ ጎማው ያልቃል፣ ብረቱ ይዝጋል። ያን ቀን «የኛ ነው» ብሎ የሚነሳ ከሌለ እንስራው ወደ ወንዝ ይመለሳል። ጉድጓድ የሚያስመርቅ ሁሉ ሪባኑን ከመቁረጡ በፊት ይህን ያስብ።