ባንዱስ?

ባለፈው ሰኔ፣ አዳማ ላይ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በጣለ ማታ፣ ሚኒያፖሊስ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሰባት ፖስተር በቴሌግራም ላከችልኝ። ከፖስተሮቹ በታች የመጣው መልእክት አጭር ነው፦ «ያለኝ ሦስት ማታ ነው። የቱን ልግባ?»

ነገሩን ለማታውቁ፦ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 ከተመሠረተ ወዲህ በየዓመቱ፣ በአሜሪካኖቹ የነጻነት በዓል ሰሞን፣ የአበሻ እግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል። ከተማው ይቀያየራል። ቀን ቀን ኳስ ነው፣ ማታ ማታ ዘፈን። አንድ ጨዋታ ሳያይ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሞልቷል፤ አንድ ኮንሰርት ሳይገባ የሚመለስ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የሙዚቃ ፌስቲቫል የለንም ለሚል ሰው መልሴ ይኼ ነው። አለን፣ ባሕር ማዶ ነው እንጂ።

ዕቅድ ማውጣት ስለምወድ ወዲያው ወረቀት አወጣሁ። ማን ሐሙስ፣ ማን ዓርብ፣ ማን ከማን ጋር ይጋጫል። አጎቴ አጠገቤ ሶፋው ላይ ነበሩ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስልኬን ተቀበሉኝና ሰባቱንም ፖስተር አንድ በአንድ አዩ። ፈገግ ያለ ፊት፣ የተቀባ ፀጉር፣ የጥቁር መነጽር ዓይነት፣ የአዳራሽ ስም፣ የትኬት ዋጋ።

«ባንዱስ?» አሉ።

«ምን ባንድ ጋሼ?»

«የሚጫወተው ነዋ! ልጁ ብቻውን ሊያንጎራጉር ነው?»

ተመልሼ አየሁ። እውነትም ሰባቱ ፖስተር ላይ አንድም የባንድ ስም የለም። አንዱ ላይ ብቻ፣ ከታች፣ ከፓርኪንጉ ማስታወቂያ ጎን፣ «ከሙሉ ባንድ ጋር» የሚል አለ። ሙሉ ባንድ፣ ልክ «ሙሉ ፍርፍር» እንደሚባለው።

ይኼ ጽሑፍ የመጣው ከዚያች ጥያቄ ነው። ለአጎቴ ትውልድ «የቱን ልግባ» ማለት የቱን ባንድ ማለት ነበር። ለእኔ ትውልድ የቱን ዘፋኝ ማለት ነው። መቼ ተቀየረ?

አጎቴ በ1958 ወንጂ ሲቀጠሩ ፋብሪካው የሆላንዶቹ የኤች ቪ ኤ ኩባንያ ነበር፤ ስኳር ማምረት ከጀመረ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ። ወጣት ናቸው፣ ደመወዝ አለ፣ አዲስ አበባ ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። በዓመት አንዴ፣ ለዕንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ከናዝሬት በባቡር ይወጡ ነበር። ናዝሬት ነው የሚሉት፤ አዳማ ሲባል ዛሬም ትንሽ ቆይተው ነው የሚገባቸው፣ ወይም የገባቸው አይመስሉም። ክርክሩ ባቡሩ ላይ ይጀምራል። ክቡር ዘበኛ እንግባ፣ ፖሊስ ሠራዊት ወይስ ምድር ጦር?

እነዚህ ሦስቱ የጦርና የፖሊስ ተቋማት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፣ ዩኒፎርም ይለብሳል፣ ሲያረፍድ ይቀጣል። ዘመናዊው ሙዚቃችን የተወለደው በጡሩምባ ነው፣ በመንግሥት ቤት ውስጥ። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አምጥተው የመንግሥት ማርሽ ባንድ ያደረጓቸው በ1916 ነው። አርባዎቹ ልጆች አዲስ አበባ የገቡት በጳጉሜን 1 ነበር። የጅቡቲ ባቡር በእኛ ከተማ በኩል ያልፋል፣ እና እኔ ሁልጊዜ የማስበው ያን ቀን ጣቢያው ላይ ሙዝ የምትሸጥ ሴት በመስኮት አርባ ልጆች ስታይ ምን እንዳለች ነው። አዲስ ዓመት አምስት ቀን ሲቀረው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ በዋዜማ ይመጣል፣ እኛ ጋ።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ክቡር ዘበኛ የሚያሸንፈው በብዙ ነገር ነበር። እስቲ አስቡት፦ በ1960ዎቹ ግድም በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ጥላሁን ገሠሠ አለ። ብዙነሽ በቀለ አለች። ማህሙድ አህመድ አለ። ከድሬዳዋ የመጣ ዓሊ ቢራ የሚባል ቀጭን ልጅ አለ፣ በኦሮምኛ የሚዘፍን። አንድ ትኬት ነው ይኼ ሁሉ! ዛሬ እነዚህን አራት ሰዎች አንድ ፖስተር ላይ የሚያስቀምጥ አዘጋጅ ቢኖር ስታዲየም አይበቃውም። ያኔ ግን ሰው «ክቡር ዘበኛ ገባሁ» ነው የሚለው። ዘፋኞቹ ተራ በተራ ይወጣሉ፣ ሁለት ሦስት ዘፈን፣ ይወርዳሉ። ባንዱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ሳክስፎን የሚነፋውን በስም ያውቀዋል። የፖሊስ ሠራዊት ተከራካሪዎችም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ የእነሱ ነበሩ። አጎቴ የክቡር ዘበኛ ሰው ናቸው፣ ስለ ፖሊስ ሲነሳ እስካሁን እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

ኮከብ የመሆን መንገዱም በባንዱ በኩል ነበር። ማህሙድ መርካቶ ያደገ፣ ጫማ ሲጠርግ የነበረ ልጅ ነው፤ አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች እዚያ ይጫወቱ ነበር። አንድ ማታ ዘፋኞቹ ሳይመጡ ቀሩ፣ እሱ እስቲ ልሞክር አለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ልብ በሉ፦ ዘፋኙ ቢቀርም ባንዱ ነበር። ምሽቱ አልተሰረዘም።

የወታደር ቤት የራሱ ዋጋ ነበረው። በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ታስሯል፤ ጥፋቱ የዚያ ቤት ዘፋኝ መሆኑ ነበር። ዓሊ ቢራም ዲሲፕሊኑ አልስማማ ብሎት ከስድስት ዓመት በኋላ ወጥቶ ለተወሰነ ጊዜ አዋሽ አካባቢ ኮንስትራክሽን ኩባንያ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ያ ድምፅ ፓምፕ ላይ!

ከ1966 በኋላ ጨዋታው ወደ ሆቴል ገባ። ዋልያስ ሒልተን፣ ዳህላክ ግዮን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል፤ አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው ነው። እነዚህ የተቋም ሳይሆን የራሳቸው ስም ያላቸው ባንዶች ናቸው፣ ሰውም በስማቸው ይፈልጋቸዋል። ግን ደርግ ሰዓት እላፊ አወጀ። ሰዓት እላፊ ማለት ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ጉዱ ነው ማለት ነው። ክበቦቹ ያገኙት መላ በር መዝጋት ነበር። ከገባህ ገባህ፣ እስኪነጋ አትወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል።

አሁን የአክስቴ ልጅ ያለችበትን ጭንቀት ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። እሷ ካልጣማት ትወጣለች፣ ታክሲ ትጠራለች፣ ሌላ አዳራሽ ትሞክራለች። አጎቴ በ1970 አንዱን ከመረጡ እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት የእሱ ናቸው። ስህተት ከመረጡ ከስህተታቸው ጋር ያድራሉ። ታዲያ ስምንት ሰዓት ሌሊት ላይ አንድን ሰው የሚያቆየው የዘፋኝ መልክ አይደለም፤ ዘፋኙ ደክሞ ተቀምጧል። ኦርጋኑ ነው፣ ቤዙ ነው። ያለ ድምፅ የሚጫወት፣ መሣሪያ ብቻ የሆነ ሙዚቃ በእኛ አገር ያን ያህል የጣፈጠው በዚያ ሌሊት ይመስለኛል። (አጎቴ በዚህ አይስማሙም። «እንቅልፍ እንዳይወስደን ነው የምናዳምጠው» ነው የሚሉት።)

ከዚያ ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። አንደኛው ካሴት ነው። ካሴት ላይ ያለው ፎቶ የዘፋኙ ነው። ሮሃ ባንድ፣ እነ ጆቫኒ ሪኮና ሰላም ሥዩም፣ የማይቆጠር ካሴት አጅበዋል፤ ስማቸው ግን በጀርባ፣ በትንሹ። ወንጂና ናዝሬት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ባንዱን በዓይኑ አያይም፣ የሚያየው ሙዚቃ ቤቱ መስታወት ላይ የተደረደሩትን ፊቶች ነው። ሁለተኛው ኪቦርድ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከበሮውም ጡሩምባውም በአንድ ጣት። ለሆቴል ባለቤት አሥር ሰው ከመክፈል አንድ ሰው መክፈል ይቀላል፣ ማን ይፈርድበታል? ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሄደው ገሚሱ በዚያው ቀረ። ኦርጋኒስቱ ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ የድሮ ካሴቱን መልሶ አውጥቶ ዓለም እስኪያውቀው ድረስ። ስንት አበሻ ከዱለስ አየር ማረፊያ በእሱ ታክሲ ተሳፍሮ ካሴት እያዳመጠ እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

የእኔ ነገር እዚህ ጋ ይገባል።

እኔ ያደግሁት በፖስተር ዘመን ነው። አዳማ ላይ ኮንሰርት የሚያወጣው ሰማይና ጾም ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ፍልሰታ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረመዳን አለ። የቀረው ሁሉ ዋዜማ ላይ ይከመራል፦ ዕንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ። በአንድ ማታ አዲስ አበባም፣ ሶደሬም፣ ላንጋኖም፣ ሐዋሳም ይጠሩሃል። ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ሆነ። እኔና ጓደኞቼ አባዱላ ተከራይተን ሄደን በማግስቱ ጠዋት ለዶሮ ወጡ እንደርሳለን። ዝርዝር አወጣለሁ፣ እሰርዛለሁ። እና ሁልጊዜ መጀመሪያ የምሰርዘው ቅርብ ያለውን ነበር።

ከተሰረዙት አንዱ ዓሊ ቢራ ነው። የቢራ ፋብሪካ አርማ ያለበት ፖስተር ለለመደ ሰው ስሙ ያስቃል፤ «ቢራ» ግን በኦሮምኛ ከክረምት በኋላ የሚመጣው የጠራ ወቅት ነው፣ የእኛ «ብራ» የሚቀራረበው። ዓሊ መሐመድ ሙሳ ይህን ስም ያገኘው በልጅነቱ፣ ድሬዳዋ ላይ አፍረን ቀሎ ከሚባለው ቡድን ጋር ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። የዕንቁጣጣሽ ሰሞን ስም ማለት ነው እኮ። ልጅ ሆኜ ቤታችን በየሳምንቱ ይዘፍን ነበር፣ በካሴት። እኛ ከተማ መድረክ ይወጣል የተባለ ጊዜ «የኛው ነው፣ ሌላ ቀን አየዋለሁ» ብዬ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሌላ ጊዜም እንዲሁ። ማንን ለማየት እንደሄድኩ እንኳ አሁን አላስታውስም።

እሑድ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓሊ አረፈ። ያረፈው እዚሁ አዳማ ነው። አስከሬኑ ወደ ድሬዳዋ ተሸኘ፣ በመጣበት መንገድ። እኔ ከቤቴ በባጃጅ የሚደረስበት ቦታ የነበረን ሰው በሕይወቴ አንድም ቀን አላየሁትም።

ስለዚህ በጥር 2017 ማህሙድ አህመድ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርት ሊያደርግ ነው ሲባል ምንም አልሰረዝኩም፣ ትኬቴን ቀድሜ ቆረጥኩ። አጎቴን «እንሂድ» አልኳቸው። «እኔ በ1961 አይቼዋለሁ፣ ያ ይበቃኛል» አሉ። ሄድኩ፣ አየሁ፣ አለቀስኩም። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሳምንት በላይ ስለሱ ብቻ ነበር የማወራው።

እና ያን የሰኔ ማታ፣ ፖስተሮቹን እያየን፣ አጎቴ ስልኬን ሳይመልሱ ጠየቁኝ፦ «ማህሙድን ስታይ ሳክስፎኑን ማን ነፋ?»

ስልኬ ላይ አርባ አንድ ቪዲዮ ቀርጬ ነበር። ከፈትኳቸው፣ ሁሉንም። ማህሙድ፣ ማህሙድ፣ የማህሙድ እጅ፣ የፊቴ ሰው ጭንቅላት፣ ማህሙድ። አንዱ ላይ ብቻ በግራ ጠርዝ የአንድ መሣሪያ ግማሽ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አጎቴ ያቺን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ቴነር ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ስልኩን መልሰውልኝ ዝናቡን ለማየት ወደ በረንዳ ወጡ።

ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት፦ «ጋሼ ባንዱን ጠይቂ ብለዋል። ባንዱ የሚሻለው ጋ ግቢ።»

በማግስቱ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፣ እየሳቀች። ትኬት የሚሸጠው ጋ ደውላ «ማን ባንድ ነው የሚጫወተው?» ስትለው ሰውየው ትንሽ ዝም ብሎ እንዲህ አላት፦ «ማን ነው የሚዘፍነው ማለትሽ ነው አይደል እኅቴ?»