ጦርነት የቀደማቸው አብራሪ

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት አንቺም በተባለው ስፍራ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ገጠመ። ከደብረ ታቦር፣ ከገሳይና ከጉና ዙሪያ ደጋ የተጠራው ያ የቤጌምድር ጦር ጋሻና ጠመንጃ አያስደነግጠውም ነበር። ከሰማይ የመጣበት ግን ለሌላ ዘመን የተሠራ መሣሪያ ነው። አውሮፕላኑ አስቀድሞ ወረቀት በተነ፤ ወረቀቱ ራስ ጉግሣን ዐመፀኛ የሚል ዐዋጅና ውግዘት ነበር። ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ስምንት ወር አልሞላም ነበር። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ። በሁለተኛው ቀን የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። የአየር ውጊያ በአገራችን ታሪክ የተጀመረው እንዲህ በወንድማማቾች መካከል ነው። ይህን የሚያነሡ ብዙዎች አይደሉም፤ እኛ የአካባቢው ተወላጆች ግን ልንዘነጋው አይገባም።

ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። እቴጌይቱ በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ በመቐለ ምሽግ የመሸገው ጠላት ውኃ እንዲያጣ ያደረገው ዘዴም የእርሳቸው ምክር እንደ ነበር ታሪክ ይናገራል። እንግዲህ ሴት ወደ ጦር ሜዳ መውጣቷ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አልነበረም። አውሮፕላን ግን በጀግንነት ብቻ አይነሣም፤ አስተማሪ፣ ነዳጅና የልምምድ ጊዜ ይፈልጋል።

ይህን ትምህርት የጀመሩ አንዲት ወጣት ነበሩ። የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ተብለው የሚታወቁት ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ናቸው። መብረር የተማሩት ከወረራው በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ ዐድዋም በዚያው ዕለት በቦምብ ተደበደበች። የሙሉእመቤት የበረራ ትምህርትም ተቋረጠ።

በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ከደርዘን ብዙም አይበልጡም ነበር፤ አብዛኞቹም መሣሪያ አልነበራቸውም። የዋና ሥራቸው መልእክት፣ መድኃኒትና ሹማምንት ማመላለስ ነበር። ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ዐድዋ በተደበደበችበት ዕለትም እዚያው ነበር። ታዲያ ከዚህ ሥራ ውስጥ ሴት የማትችለው የትኛው ነው? እኔ አንዱንም አላየሁም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓለም ራሱ መልሱን ሰጠ። በሶቪየት ኅብረት የበረራ ክበቦች ከጦርነቱ በፊት ብዙ ልጃገረዶችን አሠልጥነው ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1941 የሴቶች የአየር ክፍለ ጦሮች እንዲቋቋሙ ሲፈቀድ ማሪና ራስኮቫ ሰው አላጣችም። ከእነዚህ አንዱ፣ የሌሊት ቦምብ ጣይ የነበረው 588ኛው ክፍለ ጦር፣ የተሰጠው ፖ-2 የተባለ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነበር። በዚያ ዝግተኛ አውሮፕላን ከ23,000 ጊዜ በላይ ወጡ። ጀርመኖች «የሌሊት ጠንቋዮች» ብለው የሰየሟቸው እነዚህን ነው።

በአሜሪካም ከ1,000 የሚበልጡ ሴቶች አውሮፕላን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር ያደርሱ፣ ዒላማ እየጎተቱም ወታደሮችን ያለማምዱ ነበር። 38ቱ ሞቱ። እንደ ወታደር ስላልተቆጠሩ መንግሥት ለቀብራቸው አልከፈለም፤ አስከሬኑን ወደ ቤተሰብ ለመላክ ጓደኞቻቸው ገንዘብ ያዋጡ ነበር። የወታደርነት መብታቸው የታወቀላቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ቀኑን ሙሉ ከሒሳብ መዝገብ ጋር ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው፣ ያ መዋጮ ከሜዳልያው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

የሩሲያዋ ልጃገረድ ጦርነቱ ሲደርስ ትምህርቷን ጨርሳ ነበር፤ የእኛዋ ገና በመማር ላይ ነበሩ። ልዩነቱ የድፍረት አልነበረም።

በዚያው በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። ወራሪው ወሰዳት፤ ለረጅም ዘመን በጣሊያን ሙዚየም ቆማ ኖረች። ጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» ወደ አገሯ ተመለሰች።