ስንዴው ዋግን ይቋቋማል፤ ግን በስንት ዲግሪ?

የግንድ ዋግ የገባበትን የስንዴ ማሳ ያቋረጠ ሰው ሱሪው የሸክላ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይወጣል። ዱቄቱ የዋጉ ፈንገስ ብናኝ ነው፤ ንፋስ ይዞት አገር ያቋርጣል። ስንዴው ግን እጁን አጣጥፎ አይጠብቀውም። ተቋቋሚ ከሆነ ፈንገሱ የገባባቸውን ሕዋሳት ራሱ ይገድላቸዋል። ዋግ የሚመገበው ከሕያው ሕዋስ ብቻ ስለሆነ እዚያው ተርቦ ይቀራል።

ይህ መከላከያ ግን በማንኛውም ሙቀት አይሠራም። ትምባሆን ከሞዛይክ ቫይረስ የሚጠብቀው "ኤን" የተባለ ዘረመል ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሥራውን ያቆማል፤ ቫይረሱም ያለ ከልካይ ይሰራጫል። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ዘረመሉ ነቅቶ የተበከለውን ክፍል ሁሉ ስለሚገድል መድኃኒቱ ከበሽታው ይከፋል። የግንድ ዋግን የሚከላከለው የስንዴ ዘረመል ኤስአር6ም በቀዝቃዛ አየር ጠንካራ፣ በሞቃት አየር ደካማ ነው።

ምክንያቱ በከፊል ተገልጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሼንግ ያንግ ሄ እና ባልደረቦቹ የጎመን ዘመድ በሆነው አራቢዶፕሲስ ላይ እንዳሳዩት፣ ሙቀቱ ከ23 ወደ 28 ዲግሪ ሲያድግ ተክሉ የመከላከያውን ሆርሞን፣ ሳሊሲሊክ አሲድን፣ እንደልቡ ማምረት ያቅተዋል። ሲቢፒ60ጂ የተባለው ዘረመል በሙቀት ስለሚዳከም ነው። ዘረመሉ በሙቀትም እንዲሠራ ሲደረግ መከላከያው ተመለሰ፤ ተክሉም ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀጨጨም። ለእኔ ትልቁ ግኝት ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሁልጊዜ ዘብ የሚቆም ተክል አብዛኛውን ጊዜ ዕድገቱን ይከፍላልና።

ሙቀት ግን ሁሉንም መከላከያ አያዳክምም። ከዱር ስንዴ የተገኘው ዋይአር36 የተባለ ዘረመል ቢጫ ዋግን የሚገታው አየሩ ሲሞቅ ነው። ኤስአር13ም ሲሞቅ ይበረታል፤ ዩጂ99 የተባለውን አደገኛ የግንድ ዋግም ይከላከላል። ኤስአር13 ከተገኘባቸው ምንጮች አንዱ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ጠብቀው ያቆዩት ነባር ስንዴ ነው። ስለዚህ አንድ ዝርያ "ዋግን ይቋቋማል" ሲባል በስንት ዲግሪ እንደተፈተነ ካልተገለጸ መረጃው ጎደሎ ነው።

የሙቀቱ መለኪያ ብቻውን ግን አይበቃም። ኤስአር13 የሚያጠቃው ዘረመሉ ለይቶ የሚያውቀውን ዋግ ብቻ ነው፤ ከዕውቅናው ያመለጠን ዋግ በየትኛውም ዲግሪ አይገታውም። እንዲህ ያለው ዋግ ደግሞ የተገኘው ዘረመሉ በኖረባት በኢትዮጵያ፣ በደብረ ዘይት የዋግ መፈተኛ ማሳ ላይ ነው።